«በከፊል ማሟያነት» ሲባል ምን ማለት ነው? ስለ ልዩ ሙያ የማስተርስ ዲግሪ መግቢያና ኮርሶች

በቤተ መጻሕፍት ውስጥ የማስተርስ ዲግሪ ጥናት አንሥቶ የፊት ገጹን ያነበበ ሁሉ አንድ ሐረግ ሳያይ አያልፍም። «ለማስተርስ ዲግሪ በከፊል ማሟያነት የቀረበ ጥናት» ይላል። ሐረጉ በየጥናቱ ላይ ስለሚደጋገም እንደ ጌጥ ተቆጥሮ ይታለፋል። ነገር ግን «በከፊል» የምትለው ቃል ቁም ነገር አላት። ጥናቱ ከጠቅላላው ግዴታ አንዱ ክፍል ብቻ መሆኑን ታስታውቃለች። ታዲያ የቀረው ክፍል የት አለ? በመግቢያ መስፈርቱና በኮርሶቹ ዝርዝር ውስጥ ነው።

በሠልጣኞች መካከል ስለ ሁለተኛ ዲግሪ ወሬ ሲነሣ የሚሰማው ግን ሌላ ነው። «ቴሲስ ምን ላይ ልጻፍ?» «ማን ያማክረኛል?» «ስንት ዓመት ይፈጃል?» ይባላል። «ምን ምን ኮርስ አለው?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። «ለመግባት ምን ዓይነት የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠይቃል?» የሚለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ማመልከቻ ከተሞላ በኋላ ነው። ይህ ጽሑፍ ቅደም ተከተሉን ለማስተካከል የቀረበ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ዲግሪውን ከስሙ ሳይሆን ከመስፈርቱ መመርመር ይበጃል።

ልዩ ሙያ ማለት ምንድን ነው?

ማስተርስ ዲግሪ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በጠቅላላው በሁለት ወገን ከፍሎ ማየት ይቻላል። አንደኛው የአንድን የትምህርት ዘርፍ ዕውቀት የሚያጠልቅ ነው። ፊዚክስ የተማረ በፊዚክስ፣ ታሪክ የተማረ በታሪክ፣ ሥነ ልሳን የተማረ በሥነ ልሳን ይቀጥላል። ሁለተኛው የአንድን ሥራ ዕውቀትና ብልኀት የሚያስተምር ነው። እንግሊዝኛን እንደ ባዕድ ቋንቋ ማስተማር፣ አማርኛን ማስተማር፣ የሥርዓተ ትምህርት ዝግጅት፣ የትምህርት አመራር፣ የልዩ ፍላጎት ትምህርት በዚህ ወገን ይመደባሉ። ከትምህርት ዓለም ወጣ ስንል ደግሞ የሕዝብ ጤና፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሙያና የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ የዚሁ ወገን ናቸው። እነዚህን ነው የልዩ ሙያ ማስተርስ የምንላቸው።

በአገራችን ይህ ዕድል የቆየ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1950 በኮሌጅነት ሥራ ቢጀምርም፣ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። የዶክትሬት መርሐ ግብር የተጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ከዚያ በፊት ሁለተኛ ዲግሪ የፈለገ ኢትዮጵያዊ በአብዛኛው ባሕር መሻገር ነበረበት። ዛሬ ግን በየክልሉ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የማስተርስ ትምህርት ይሰጣሉ። የኮተቤም ተቋም እ.ኤ.አ. በ2022 የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተብሏል። እንግዲህ የቀድሞው ችግር ቦታ ማጣት ነበር። የዛሬው ችግር ደግሞ ከብዙው ውስጥ የሚበጀውን ለይቶ ማወቅ ነው።

ይህ ለምን ያሳስባል? አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በሒሳብ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው አንድ መምህር አለ እንበል። ስድስት ዓመት አስተምሯል። «የትምህርት አመራር ይቀላል አሉ» ሲባል ሰማና እዚያ ገባ። ዲግሪውን በደኅና ውጤት ያዘ። ከዚያ በኋላ በአንድ ኮሌጅ ሒሳብ ለማስተማር ማስታወቂያ ወጣ፤ ማስታወቂያው «በሒሳብ ወይም በሒሳብ ትምህርት ማስተርስ ዲግሪ ያለው» ይላል። መምህራችን ዲግሪ አለው፤ የተጠየቀው ግን እሱ አይደለም። የትምህርት አመራር ዲግሪ ርእሰ መምህር ወይም ሱፐርቫይዘር ለመሆን ለሚፈልግ እጅግ ጠቃሚ ነው። ስሕተቱ የዲግሪው አይደለም፤ በሥራው ዓላማና በኮርሶቹ መካከል ዝምድና ሳይታይ መመረጡ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይኸ ነው።

የመግቢያ መስፈርቶች

ዩኒቨርሲቲዎች የሚያወጡት ማስታወቂያ ከቦታ ቦታ ቢለያይም፣ መሠረታዊዎቹ መስፈርቶች ተቀራራቢ ናቸው። አንድ በአንድ እንያቸው፤ ለምን እንደሚጠየቁም አብረን እንመልከት።

ሀ) የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ያውም በተገቢው ዘርፍ። ዲግሪው ዕውቅና ካለው ተቋም የተገኘ መሆን አለበት። በውጭ አገር የተገኘ ከሆነ የአቻ ግምት ያስፈልገዋል፤ ይህንንም የሚሠራው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። በማስታወቂያው ላይ «በዘርፉ ወይም በተዛማጅ ዘርፍ» የሚል ሐረግ ብዙ ጊዜ ይገኛል። «ተዛማጅ» የሚለውን ቃል የሚተረጉመው አመልካቹ ሳይሆን የትምህርት ክፍሉ ነው። ስለዚህ በግምት ከመሄድ ጠይቆ ማረጋገጥ ይሻላል። አንዳንድ ክፍሎች ከሌላ ዘርፍ የመጣውን አመልካች ጨርሰው አይመልሱትም፤ የጎደሉትን የመጀመሪያ ዲግሪ ኮርሶች አስቀድሞ እንዲወስድ ያዝዙታል። እነዚህ ማሟያ ኮርሶች ጊዜ ይወስዳሉ፣ ገንዘብም ይጠይቃሉ፤ ነገር ግን ከማስተርሱ ክሬዲት ውስጥ አይቆጠሩም። ሁለት ዓመት ይፈጃል የተባለው ትምህርት ሦስት ዓመት የሚሆነው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አንድ አዲስ ነገር እናስታውስ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት የመውጫ ፈተና ወስደው ቢያንስ 50 በመቶ ማምጣት ይጠበቅባቸዋል። ስለሆነም ወደ ማስተርስ የሚወስደው በር የሚከፈተው ከመውጫ ፈተናው በስተኋላ ነው።

ለ) ትራንስክሪፕት። ይህ የተማርናቸው ኮርሶችና ያገኘናቸው ውጤቶች በሙሉ የተዘረዘሩበት ሰነድ ነው። ኦፊሴላዊ የሚባለው ቅጂ በተማሪው እጅ ተከፍቶ የሚሄድ ሳይሆን፣ ከሬጅስትራር ወደ ሬጅስትራር በታሸገ ፖስታ የሚላከው ነው። ብዙ ሰው ማመልከቻው የሚዘገይበት በሌላ ሳይሆን በዚህ ነው። የቀድሞው ተቋም ሩቅ ከሆነ፣ የወጪ መጋራት ወይም የቤተ መጻሕፍት ዕዳ ካለ፣ ሰነዱ ቶሎ አይመጣም። ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት ትራንስክሪፕትን ማስላክ ብልኅነት ነው።

ትራንስክሪፕትን በተመለከተ ሌላም የሚታለፍ ነገር አለ። የመራጮቹ ዐይን የሚያርፈው በአማካይ ውጤቱ ላይ ብቻ አይደለም። ማስተርሱ በሚመለከተው ዘርፍ ውስጥ ያሉት ኮርሶች ለየብቻቸው ይታያሉ። አማርኛን ማስተማር ለሚፈልግ ሰው የአማርኛ ሰዋስውና የሥነ ጽሑፍ ውጤቱ ከስፖርት ውጤቱ የበለጠ ይናገርለታል።

ሐ) የመግቢያ ፈተና። ቀደም ሲል እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ፈተና ያዘጋጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ግን ትምህርት ሚኒስቴር ለድኅረ ምረቃ አመልካቾች አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና አስጀምሯል። እንዲህ ያለው ፈተና በአንድ ትምህርት የተሸመደደን ዕውቀት ከመመዘን ይልቅ በቃልና በቁጥር የማመዛዘን ችሎታን ይፈትሻል። ከዚህም ሌላ የትምህርት ክፍሎች የራሳቸውን የጽሑፍ ፈተና ወይም ቃለ መጠይቅ ሊጨምሩ ይችላሉ። የሚያመለክቱበት ዩኒቨርሲቲ የትኛውን እንደሚጠይቅ ከዓመቱ ማስታወቂያ ላይ አንብቦ መረዳት የአመልካቹ ፈንታ ነው። የወዳጅ ወሬ ማስታወቂያን አይተካም።

መ) የድጋፍ ደብዳቤ። ብዙዎች ይህን እንደ ወረቀት ማሟያ ይቆጥሩታል። «ስሜን ጽፈው ይፈርሙልኝ» ብለው ለመምህር ባዶ ወረቀት የሚያቀርቡም አሉ። እንዲህ ያለው ደብዳቤ ለማንም አይጠቅምም። መራጮቹ ማወቅ የሚሹት ይህ ሰው ራሱን ችሎ ማንበብ፣ መጻፍና መመራመር ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን ነው። ይህንን ሊመሰክር የሚችለው የሠልጣኙን ወረቀት አንብቦ ያረመ፣ ሲያስተምርም ቁጭ ብሎ የተመለከተ መምህር ነው። ደብዳቤው የሚጻፈው በማመልከቻው ጊዜ ቢሆንም፣ የሚዘጋጀው ግን ዛሬ በክፍል ውስጥ ነው።

ሠ) የመሥሪያ ቤት ፈቃድና የወጪ ኀላፊነት። በመንግሥት ሥራ ላይ ያለ መምህር መደበኛውን ትምህርት ለመከታተል ከመሥሪያ ቤቱ የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልገዋል። ወጪውን ማን እንደሚችልም በጽሑፍ መታወቅ አለበት። አሠሪው ደመወዝ እየከፈለ የሚልክ ከሆነ፣ ሲመለሱ ለተወሰነ ጊዜ ማገልገልን በውል ያስገባል። ውሉን ሳያነቡ መፈረም የኋላ ኋላ ጣጣ ያመጣል። ስንት ዓመት? የት? ትምህርቱ ቢቋረጥስ ምን ይደረጋል? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ሳያገኙ ብዕር ማንሣት አይገባም።

ኮርሶቹና ክሬዲቱ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ማስተርስን ማስተርስ የሚያሰኘው፣ ልዩ ሙያንም ልዩ የሚያደርገው የኮርሶቹ አደረጃጀት ነው። የአንድ መርሐ ግብር የኮርስ ዝርዝር ብዙውን ጊዜ አምስት ክፍሎች አሉት።

የመጀመሪያዎቹ ዋና ኮርሶች ናቸው። ማንም ተማሪ አይዘላቸውም። በእንግሊዝኛ ማስተማር ዘርፍ የቋንቋ ማስተማሪያ ዘዴዎች፣ የፈተና አዘገጃጀት፣ የማስተማሪያ መሣሪያ ዝግጅት የመሳሰሉት እዚህ ይገባሉ።

ሁለተኛዎቹ የምርጫ ኮርሶች ናቸው። እዚህ ላይ ተማሪው ዝንባሌውን ይከተላል። የምርጫ ኮርስ በወረቀት ላይ መኖሩና በዚያ ዓመት መሰጠቱ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መምህር ከሌለ ወይም ተማሪው ካነሰ ላይከፈት ይችላልና፣ በአንድ የምርጫ ኮርስ ተስፋ አድርጎ መመዝገብ አይገባም።

ሦስተኛው የምርምር ዘዴ ነው። ይህ ኮርስ በብዙዎች ዘንድ ይፈራል፤ ስታቲስቲክስ አለበትና። የቴሲሱ መሠረት የሚጣለው ግን እዚህ ነው። መጠይቅ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ናሙና እንዴት እንደሚመረጥ፣ የተገኘው መረጃ ምን እንደሚያረጋግጥና ምን እንደማያረጋግጥ የሚማሩት በዚህ ነው።

አራተኛው ሴሚናር ነው። ተማሪው በአንድ ርእስ ላይ አንብቦ ጽሑፍ ያቀርባል፤ ጓደኞቹና መምህሩ ይተቹታል። ጥያቄ ሲቀርብበት ላብ የሚያሰጥመው ሰው ጥቂት አይደለም። ነገር ግን በሴሚናር የተተቸ ሰው በቴሲስ ፈተና ቀን አይደናገጥም።

አምስተኛው የተግባር ልምምድ ወይም ፕራክቲከም ነው። የልዩ ሙያ ማስተርስ ከሌላው የሚለየው በተለይ በዚህ ነው። የልዩ ፍላጎት ትምህርት የሚያጠና ሰው መስማት ከተሳናቸው ወይም ማየት ከተሳናቸው ተማሪዎች ጋር ሳይሠራ ባለሙያ ሊባል አይችልም። በአሜሪካ ያለውን ልምድ ብናይ፣ በማኅበራዊ አገልግሎት ሙያ ማስተርስ የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች ዕውቅና ለማግኘት ተማሪዎቻቸውን ቢያንስ 900 ሰዓት በመስክ ላይ ማሠራት አለባቸው። በሳምንት 20 ሰዓት ቢሠራ 45 ሳምንት ማለት ነው። እንግዲህ የኮርስ ዝርዝር ሲታይ ፕራክቲከም አለ ወይስ የለም፣ ካለስ ስንት ሰዓት ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ክሬዲት ሲባልስ ምንድን ነው? ነባሩ አሠራር በሳምንት አንድ ሰዓት በክፍል ውስጥ ለሚሰጥ፣ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ለሚዘልቅ ትምህርት አንድ ክሬዲት ይሰጣል። በአውሮፓ የተጀመረውና በአገራችንም የገባው ኢ.ሲ.ቲ.ኤስ. የሚባለው አቆጣጠር ደግሞ የተማሪውን ጠቅላላ ድካም ይቆጥራል። ክፍል ውስጥ የተቀመጠበት፣ ቤተ መጻሕፍት ያነበበበት፣ ወረቀት የጻፈበት ሰዓት ሁሉ ይደመራል። በአውሮፓ አቆጣጠር አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሲሆን፣ የአንድ ሙሉ ዓመት ትምህርት 60 ክሬዲት ነው። ይህም ከ1,500 እስከ 1,800 ሰዓት ይሆናል።

ይህን ቁጥር ወደ መምህር ኑሮ እናምጣው። 1,500 ሰዓትን ለ40 ሳምንት ብናካፍል በሳምንት 37 ሰዓት ተኩል ይደርሳል፤ ሙሉ የሥራ ሳምንት ማለት ነው። በክረምት ብቻ የሚማር መምህርስ? ክረምቱ 8 ሳምንት ቢሆንና በሳምንት 45 ሰዓት ሳይታክት ቢሠራ 360 ሰዓት ያገኛል። የአንድ ዓመቱን 1,500 ሰዓት ለመሙላት ከአራት ክረምት በላይ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የክረምት ተማሪ በበጋውም ወራት፣ ማታ ማታ፣ የተማሪ ወረቀት አርሞ ሲጨርስ ማንበብ ግዴታው ነው። «ክረምቱን ገብቼ እጨርሰዋለሁ» ማለት የሒሳቡን ግማሽ መዝለል ነው። ይህን ስንል ለማስፈራራት አይደለም። በርካታ መምህራን በዚሁ መንገድ ተጉዘው ተመርቀዋል። አስቀድሞ ያወቀ ሰው ግን ኑሮውን፣ ቤተ ሰቡንና የማስተማሪያ ሰዓቱን ያመቻቻል።

ውጤት፦ የአንዲት «ሲ» ዋጋ

በመጀመሪያ ዲግሪ «ሲ» ማለፊያ ናት፤ ማንም አይደነግጥባትም። በማስተርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የተለመደው ደንብ የማስተርስ ተማሪ ለመመረቅ ጠቅላላ አማካይ ውጤቱ ከ3.00 ያላነሰ መሆን አለበት ይላል። በሒሳብ እንየው። «ኤ» 4፣ «ቢ» 3፣ «ሲ» 2 ነጥብ ይሰጣል እንበል።

አንድ ተማሪ በመጀመሪያው ሴሚስተር እያንዳንዳቸው 3 ክሬዲት የሆኑ አራት ኮርሶች ወሰደ። በሦስቱ «ቢ»፣ በአንዱ «ሲ» አገኘ። ነጥቡ 9 ሲደመር 9 ሲደመር 9 ሲደመር 6፣ በጠቅላላው 33 ይሆናል። ለ12 ክሬዲት ሲካፈል 2.75 ይመጣል። ከመስፈርቱ በታች ነው! በሁለተኛው ሴሚስተር ደግሞ 12 ክሬዲት ቢወስድና በሁሉም «ቢ» ቢያገኝ ነጥቡ 36 ነው። የሁለቱ ድምር 69 ይሆናል፤ ለ24 ሲካፈል 2.875 ነው። አሁንም አልደረሰም። 3.00 ለመድረስ 72 ነጥብ ያስፈልገዋልና፣ ከአራቱ ኮርሶች በአንዱ «ኤ» ማግኘት አለበት።

እንግዲህ ሕጉ ቀላል ነው፤ እኩል ክሬዲት ባላቸው ኮርሶች እያንዳንዷ «ሲ» አንድ «ኤ» ታስከፍላለች። አንዳንድ ተቋሞችም አንድ ተማሪ ሊኖረው የሚችለውን የ«ሲ» ብዛት በደንብ ወስነዋል። ስለዚህ የተቋሙን ደንብ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ማንበብ ያስፈልጋል። ማስጠንቀቂያ ከደረሰ በኋላ ደንብ ፍለጋ መሮጥ ምን ይጠቅማል?

ቴሲሱ

ኮርሶቹ ካለቁ በኋላ፣ ወይም ወደ መጨረሻቸው ሲቃረቡ፣ ተማሪው የጥናት ዕቅድ ያቀርባል። ዕቅዱ በክፍሉ ከጸደቀ አማካሪ ይመደብለታል፤ መረጃ ይሰበስባል፤ ይጽፋል። በመጨረሻም የውስጥና የውጭ ፈታኞች ባሉበት ሥራውን ያስረዳል፤ ለሚቀርብለትም ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ቴሲሱ እንደ ኮርስ በ«ኤ» እና በ«ቢ» ሳይሆን፣ «እጅግ ከፍተኛ»፣ «በጣም ጥሩ»፣ «ጥሩ»፣ «አጥጋቢ» በሚሉ ደረጃዎች የሚመዘንበት አሠራር የተለመደ ነው። ያልበቃው ደግሞ ይመለሳል።

ጥናቱ በምን ቋንቋ ይጻፋል? በአብዛኛው ዘርፍ በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛን በማስተማር ዘርፍ ግን በአማርኛ የተጻፉ ጥናቶች አሉ። ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ጥቂቶቹን ማገላበጥ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚጠበቅ በግልጽ ያሳያል።

ከተማሪዎች መካከል ኮርሱን በጥሩ ውጤት ፈጽመው በቴሲሱ ላይ የሚቆሙ አሉ። ሥራቸው ይጠራቸዋል፣ ደመወዝ ይቋረጣል፣ ቤተ ሰብ ይጠብቃል፤ ጥናቱ ከሳምንት ወደ ሳምንት ይገፋል። ለዚህ ፍቱን መድኃኒት ባይኖርም የሚያቀልለው አንድ ዘዴ አለ፤ እሱም የሴሚናርና የኮርስ ወረቀቶችን ከመጀመሪያው በሚያስቡት የጥናት ርእስ ዙሪያ መጻፍ ነው። ሦስት ወይም አራት የኮርስ ወረቀት በአንድ ርእስ ዙሪያ የጻፈ ሰው ቴሲሱን ሲጀምር ከባዶ አይነሣም። በኮርስና በቴሲስ መካከል ግድግዳ የለም የምንለው ለዚህ ነው።

ባሕር ማዶ ለሚያስቡ

ከአገር ውጭ የሚሰጡ ዲግሪዎች ስማቸው አንድ ቢሆንም አሠራራቸው ይለያያል። በእንግሊዝ አገር ማስተርስ በተለመደው አንድ ሙሉ ዓመት ይፈጃል፤ 180 ክሬዲት ነው። የእነርሱ አንድ ክሬዲት 10 ሰዓት ስለሆነ በጠቅላላው 1,800 ሰዓት ይመጣል። ብዙውን ጊዜ 120ው ለኮርስ፣ 60ው ለጥናት ይመደባል። በደቡብ አፍሪካም ማስተርስ 180 ክሬዲት ነው፤ ነገር ግን ለመግባት ከተራው የመጀመሪያ ዲግሪ በላይ የሆነ ኦነርስ የሚባል ደረጃ ወይም የዚያ አቻ ይጠየቃል። ይህን ያላወቀ አመልካች «ዲግሪ እያለኝ ለምን ተመለስሁ?» ብሎ ያዝናል። በአሜሪካ የሕዝብ ጤና ማስተርስ ቢያንስ 42 የሴሚስተር ክሬዲት ይጠይቃል። 42 ከ180 ያንሳል ብሎ የአሜሪካው ይቀላል ማለት ግን አይቻልም፤ መለኪያው ለየቅል ነውና። ጣሳና ቁና በቁጥር አይወዳደሩም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ለሠልጣኞች የምንለው እነሆ፦

አንደኛ፣ «ማስተርስ በምን ልያዝ?» ከማለት በፊት «ምን ሥራ ልሥራ?» ብላችሁ ጠይቁ። ክፍል ውስጥ ገብቶ ማስተማርን፣ ትምህርት ቤት መምራትን፣ የማስተማሪያ መጽሐፍ ማዘጋጀትን፣ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ሕፃናት መርዳትን ለየብቻው አስቡት። ለእያንዳንዱ ሥራ የተለየ የኮርስ ዝርዝር አለ።

ሁለተኛ፣ የዘርፍ ምርጫችሁን ከወዲሁ አስተውሉ። ዛሬ በዲፕሎማ ወይም በመጀመሪያ ዲግሪ የምትመርጡት ትምህርት ነገ የትኛው በር እንደሚከፈትላችሁ ይወስናል።

ሦስተኛ፣ የምታስቡትን መርሐ ግብር የኮርስ ዝርዝር በእጃችሁ አድርጉ። በላዩም ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ የትኛው ለሥራዬ ይጠቅመኛል? ለየትኛው መሠረት የለኝም? የጎደለውን መሠረት ከመግባት በፊት በንባብ መሙላት ይቻላል።

አራተኛ፣ ሰነዶቻችሁን ጠብቁ። የኮርስ መግለጫዎችን፣ የታረሙ ወረቀቶችን፣ የምስክር ወረቀቶችን አትጣሉ። «ይህን ኮርስ ተምሬአለሁ» የሚል ሰው ኮርሱ ምን እንደያዘ ማሳየት ሊጠየቅ ይችላል።

ለመምህራንም የምንለው አለን። ሠልጣኝ ስለ ሁለተኛ ዲግሪ ሊያማክር ሲመጣ «በርታ፣ ጎበዝ» ብሎ መሸኘት አይበቃም። የተማርንበትን መርሐ ግብር የኮርስ ዝርዝር አምጥተን ብናሳየው፣ የትኛው ኮርስ በሥራችን እንደረዳንና የትኛው እንዳልረዳን ብንነግረው፣ ከአሥር የምርቃት ንግግር ይበልጣል። የየራሳችንን ጥናት አንድ አንድ ቅጂ ለተቋሙ ቤተ መጻሕፍት ብናበረክትም ሠልጣኙ ወደፊት የሚጠብቀውን ሥራ በዐይኑ ያያል። የድጋፍ ደብዳቤ ስንጠየቅ ደግሞ ያየነውን እንጻፍ። ያላየነውን ከመጻፍ «ስላላስተማርኩህ ሌላ ጠይቅ» ማለት ለሠልጣኙም የሚጠቅም ሐቀኝነት ነው።

ዲግሪ በግድግዳ ላይ የሚሰቀል ወረቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ የቱም ዲግሪ ከየቱም እኩል በሆነ ነበር። ነገር ግን ከዲግሪው ተጠቃሚ የሚሆነው ነገ በመምህሩ ፊት የሚቀመጠው ተማሪ ነው። መምህሩ የንባብ ማስተማር ኮርስ ወስዶ ከሆነ ልጁ ፊደል ለምን እንደሚሳሳት ያውቅለታል፤ የምዘና ኮርስ ወስዶ ከሆነ ፈተናው ልጁን አይበድለውም፤ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ተምሮ ከሆነ ጆሮው የከበደውን ልጅ «ሰነፍ» ብሎ ከኋላ ወንበር አያስቀምጠውም። የማስተርሱ ኮርሶች ዝርዝር የሚመረመረው ለዚህ ነው። ማመልከቻ የምትሞሉ ሁሉ፣ ቅጹን ከማንሣታችሁ በፊት የኮርሱን ዝርዝር አንብቡ።